በሁለት የኤኤ ድንጋይ የሚሠራ የውርጭ መከታተያ፦ ባትሪው ቶሎ ያልቃል

ሱሉልታ_ችግኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ላለ የችግኝ ግሪንሃውስ የውርጭ ማንቂያ ሠርቻለሁ። ሦስት ኤንቲሲ ቴርሚስተሮች (ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሳቸው የሚጨምር የሙቀት ሴንሰሮች፤ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም፣ ቤታ 3950) ከታች፣ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከላይ፣ አርዱዊኖ ፕሮ ሚኒ (ትንሽ የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ) 3.3 ቮልት፣ 8 ሜጋኸርዝ። በየ10 ደቂቃው ያነባል፣ በመሃል ዲሌይ (ኮዱን የሚያስጠብቀው ትዕዛዝ) ነው። የመብራት መስመር ስለሌለ ሁለት ድንጋይ ቪሲሲ (የቺፑ የኃይል መግቢያ) ላይ ነው ያሰርኩት፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል። ሬዚስተሮቹን 100 ኪሎ ኦም ባደርጋቸውስ?

ኦም_በኦም፦
ሬዚስተሮቹን አትንካቸው። ዲሌይ ቺፑን አያስተኛውም፤ ነቅቶ ከ3 እስከ 4 ሚሊአምፔር ይበላል። ቀዩ ኤልኢዲ 1 ገደማ ይጨምራል። ሦስቱ ዲቫይደሮች (የቴርሚስተርና የሬዚስተር ጥንዶቹ) ተደምረው ግን 450 ማይክሮአምፔር ብቻ ናቸው።

ኤልኢዲውንና ሬጉሌተሩን (ቮልቴጅ አስተካካዩን) ንቀል። ኤዲሲውን (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን የቺፑን ክፍል) አጥፍተህ ቺፑን ፓወር ዳውን (ጥልቅ እንቅልፍ) ላይ አስተኛው፣ ዋችዶግ (የቺፑ ውስጣዊ ሰዓት ቆጣሪ) በየ8 ሰከንዱ ይቀስቅሰው። ፍጆታው ወደ 5 ማይክሮአምፔር ግድም ይወርዳል፤ ያ 450 የሚጎላው ያኔ ነው። ስለዚህ የዲቫይደሮቹን የላይ ጫፍ ከቪሲሲ አላቅቀህ ለየራሳቸው ዲጂታል ፒን ስጣቸው። አንዱን ፒን ሃይ አድርግ፣ 8 ሚሊሰከንድ ጠብቅ፣ አንብብ፣ ሎው መልሰው፤ ከዚያ ቀጣዩን። ሦስቱን በአንድ ፒን ብታበራ ፒኑ ውስጥ የሚባክነው ቮልቴጅ ሦስት እጥፍ ሆኖ ንባቡን ያዛባል። የኤዲሲው ሪፈረንስ (ማነጻጸሪያ ቮልቴጁ) ቪሲሲ ይሁን፤ ድንጋዩ ቢደክምም ሬሾው አይለወጥም።

ብየዳ_ቤት፦
8 ሚሊሰከንዷን ለመቆጠብ ብለህ እንዳታሳጥራት! ሽቦው ረጅም ስለሚሆን ኤዲሲው ፒን ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ያስፈልጋል። በ0 ዲግሪ ቴርሚስተሩ 33 ኪሎ ኦም ግድም ስለሚሆን ካፓሲተሩ ለ10 ቢት ንባብ በበቂ እስኪሞላ 6 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ቀድመህ ካነበብክ ቮልቴጁ ያንሳል፣ ቴርሚስተሩም ከታች ስለሆነ ቤቱ ከእውነቱ የሞቀ ይመስላል። ውርጩ እየወረደ ማንቂያው ዝም ይላል ማለት ነው።

እርጥበትም የሚገፋው ወደዚያው ነው። በቴርሚስተሩ እግሮች መካከል የ1 ሜጋ ኦም ሊኬጅ (ኤሌክትሪክ የሚሾልክበት መንገድ) ቢኖር በ0 ዲግሪ ላይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ያሳስታል። የብየዳውን ፍላክስ በአልኮል እጠበው፣ ሲደርቅ መጋጠሚያውን በኢፖክሲ ድፈነው፤ ሂት ሽሪንክ ብቻውን እርጥበት ያስገባል። በ100 ኪሎ ኦም ደግሞ ኤዲሲው የሚያየው ሬዚስታንስ በ0 ዲግሪ 25 ኪሎ ኦም ይሆናል፤ ለዚህ ቺፕ የሚመከረው ከ10 በታች ነው።

ሱሉልታ_ችግኝ፦
ተባረኩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ድንጋዮቹ ተደምረው 2.7 ቮልት እያላቸው ነው የሚጠፋው። ለምን?

ኦም_በኦም፦
ብራውን አውት (ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን የሚያቆመው መከላከያ) ነው። ፊውዙ (የቺፑ ቋሚ ቅንብር) 2.7 ላይ ስለተሞላ ድንጋዩ ገና ብዙ ጉልበት እያለው ቺፑን ያቆመዋል። በአይኤስፒ ፕሮግራመር (ቺፑን በቀጥታ በሚጽፍ መሣሪያ) ወደ 1.8 አውርደው፤ ቺፑ ሲተኛ ደግሞ በኮድ አጥፋው፣ አለዚያ ፍጆታው 5 ማይክሮአምፔር ላይ አይወርድም። 8 ሜጋኸርዝ ግን ቢያንስ 2.4 ቮልት ይፈልጋል፤ ኮዱ ቪሲሲን እየለካ ከዚያ በታች ሲሆን ንባብ ያቁም።

ሲተኛ የሚበላውን ለማወቅ በፕላስ መስመሩ ላይ 100 ኦም አስገባና ጫፍና ጫፉን በቴስተሩ 200 ሚሊቮልት ሬንጅ ለካ። 0.5 ሚሊቮልት ካሳየህ 5 ማይክሮአምፔር ነው። ከ2 ሚሊቮልት በላይ ካሳየህ ኤዲሲው ወይም ብራውን አውቱ አልጠፋም፣ ወይም ሬጉሌተሩ አልተነቀለም።