የሐምሌው ረቂቅ፦ የድሬዳዋ ልጆችን በሙያ ለማገናኘት የዕቅድ ውይይት
(ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በድሬ ሰፈራቸው፣ በሚኖሩበት የውጭ ከተማ ወይም በቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ነው።)

ጸሐፊዋ (ከዚራ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ እስካሁን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ውጭ ያሉና እዚህ ያሉ የድሬ ልጆች በሙያ የመተዋወቅ ክህሎታቸውን እንዲያዳብሩ ማገዝ»። ሐምሌ 19 ለቁልቢ ብዙ ሰው ስለሚመጣ፣ አዳራሽ ተከራይተን የአንድ ቀን ሥልጠና እንስጥ ያላችሁ አላችሁ። ቆራርጡት፣ ጨምሩበት።

ሳቢያን፦
አቦ የአዳራሹ ነገር ይቅር። ባነር ይሰቀላል፣ ውሃ ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ ሁሉም አብሮት ከመጣው ጓደኛው ጋር ምሳውን በልቶ ወደ ቤቱ። አበል የለም ከተባለ ደግሞ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

ቶሮንቶ፦
ሳቢያን ያለው ልክ ነው። ልጆቻችን ሰው መቅረብ አያቅታቸውም፤ የድሬ ልጅ ባጃጅ ውስጥ ዘመድ ያፈራል። የሚከብዳቸው ስለ ሙያ መጠየቅ ነው። የሚደርሰኝ መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰላም ወንድሜ፣ ሥራ ካለ አስታውሰኝ።» ምን ልበለው? ምን እንደተማረ አላውቅ፣ ምን እንደሚፈልግ አላውቅ። «እሺ» ብዬ አልፋለሁ። እሱም «ሰው ባሕር ሲሻገር ይቀየራል» ይላል።

ምድር ባቡር (ጡረተኛ)፦
ልጆቼ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የዘመድ ሥራ እንዳይሆን። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ እዚህ ከተማ አልነበረም። ኦሮሞውና ሶማሌው በነበሩበት ሜዳ ላይ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሕንዱም፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ሰውም ተሰባስቦ ነው ድሬ ድሬ የሆነችው። አሁን ግን «ሰው አለው» ሲባል ወንበሩ አይገባውም ማለት ሆኗል። ማኅበራችን በዚህ እንዳይታማ።

ቶሮንቶ፦
ጋሼ፣ እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። ለዚህ ነው «ሥራ ፈልጉልኝ» የሚባል ነገር ከዕቅዱ ይውጣ የምለው። የሚጠየቀው 20 ደቂቃ ብቻ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ጨርሼ ሁለት ዓመት በመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። እርስዎ እዚያ በግንባታ ሙያ ላይ እንደሆኑ ሰማሁ። እዚህ ያካበትኩትን ልምድ ሲቪዬ ላይ እንዴት ብጽፈው እንደሚሻል 20 ደቂቃ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ቅዳሜም እሑድም ይመቸኛል።»

ይህን የጻፈ ልጅ ማን ፊት ይነሳዋል? በ20 ደቂቃ ብዙ ነገር ይነገራል። ካናዳ ሲቪ ላይ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ያገባ ያላገባ አይገባም። የውጭ የትምህርት ማስረጃ የሚመዝኑት ድርጅቶች ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። ልጁ ይህን ከአገር ሳይወጣ ቢያውቅ ስንት ወር ይተርፈዋል! አንድ ነገር ልጨምር፦ ምክር የተቀበለ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ «እንዲህ አደረግኩ» ብሎ ይጻፍ። ሰውን የሚያሳዝነው ምላሽ ማጣት ነው።

ሜልቦርን፦
ውጭ ያለውን አባል እዚያ ካለው ጋር የሚያጣምረው ኮሚቴ ይህን ያንብብልኝ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር በፈረንጆች 1973 ያሳተመው ጥናት አለ። በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን ሲጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ የሰሙት ከቅርብ ጓደኛ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው። ቶሎ ቶሎ ከሚያገኙት ሰው የሰሙት ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። ስለዚህ የከዚራን ልጅ ከከዚራ ልጅ አታጣምሩ። በሙያ ይሁን፣ በሰፈር አይሁን።

መጋላ፦
እኔ ደግሞ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ረቂቁ ውጭ ያለው ሰጪ፣ እዚህ ያለው ተቀባይ ይመስላል። ወገኖቼ፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይዞ የሚመጣው ሰው ደህና ትራንዚተር (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ) የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል? የድሬ ነጻ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 ከተከፈተ ወዲህ ዕቃ ላስመጣ፣ መጋዘን ልያዝ የሚል እንግዳ ሱቄ ድረስ ይመጣል። ከእኔም 20 ደቂቃ ይጠየቅ እንጂ! ደግሞ ለቁልቢ የሚመጣው አለ፣ ለዒድ የሚመጣም አለ። ቀኑ አንዱን ብቻ አይያዝ።

ቶሮንቶ፦
እውነትሽን ነው እህቴ። ሐምሌን የመረጥነው እዚህ ቶሮንቶ የልጆች ትምህርት ስለሚዘጋ ነው ተብሎ ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦
ሰዓቱን አሰላሁት። በሐምሌ እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ቶሮንቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሜልቦርን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሦስታችንንም ነቅተን የሚያገኘን ሰዓት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሳቢያን፦
9 ሰዓት?! ድሬ ላይ? እሱ እኮ የበርጫ ሰዓት ነው!

መጋላ፦
ጉንጭህን ወጥረህ ካሜራ አትክፈት እንጂ ወሬውስ ያን ጊዜ ነው የሚደምቀው።

ሜልቦርን፦
በመስከረም መጨረሻ ገደማ የኛ ሰዓት በአንድ ይቀየራል፤ የቶሮንቶም በጥቅምት መጨረሻ ገደማ። የመጀመሪያው ዙር ከዚያ በፊት፣ መስከረም ላይ ቢያልቅ ይሻላል።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ሆኗል፦

«ማኅበሩ ከሐምሌ እስከ መስከረም ውጭና አገር ውስጥ ያሉ አባላትን በሙያ ሁለት ሁለት እያደረገ ያጣምራል። እያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ይነጋገራል፤ አንዱን ጊዜ ጠያቂው አገር ቤት ያለው፣ ሌላውን ጊዜ ውጭ ያለው ይሆናል። ከዚያ በፊት የመልእክት አጻጻፍ ልምምድ በቴሌግራም ይሰጣል። ሥራ ማስቀጠር የዕቅዱ አካል አይደለም። በሐምሌ የመጣ አባል በአካል ሻይ ቡና ይላል፤ አዳራሽ አንከራይም።»

ምድር ባቡር፦
«የኮሚቴው አባል የራሱን ዘመድ አያጣምርም» የሚል ይግባበት።

ጸሐፊዋ፦
ገብቷል ጋሼ። ሳቢያን፣ የአባላቱን ሙያ እስከ ዓርብ ዘርዝረህ ላክልኝ። «ነጋዴ» ብቻ ብለህ አትጻፍ፣ የምን ነጋዴ እንደሆነ ይገለጽ።

ሳቢያን፦
እሺ አቦ። መጋላዎችን ግን ራሷ ትጠይቅልኝ፤ ለኔ አይነግሩኝም።