ታላቁን የኮራል ሪፍ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በምን ኃይል ይጠብቀዋል?

ጠያቂ (መምህር፣ ከደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚዘረጋው ታላቁ ባሪየር ሪፍ (ኮራል የተባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት የገነቡት ከውኃ በታች ያለ የድንጋይ ክምር) ሳስተምር ተማሪዎቼ አንድ ከባድ ጥያቄ አነሡ። የባሕር ፓርኩ ስፋት 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አጥርም በርም የለውም፤ ዓሣ አስጋሪውም፣ ጎብኚውም፣ የጭነት መርከቡም ይመላለስበታል። የባሕር ፓርኩ ባለሥልጣን የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህን ሁሉ እንዴት ይቆጣጠራል? ማስገርን ከከለከለ የጠረፉ ሰው በምን ይተዳደራል፤ ከፈቀደስ ጥበቃው ምኑ ላይ ነው?

መልስ (የባዮሎጂ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ)፦

መምህር፣ ተማሪዎችዎ የነገሩን ዋና ቁም ነገር ነው የጠየቁት። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ለሕጉ መውጣት ምክንያት የሆነው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሪፉ የኖራ ድንጋይ ለማውጣትና በአካባቢው ነዳጅ ለመቆፈር የቀረበው ሐሳብ የቀሰቀሰው የሕዝብ ተቃውሞ ነው። ዛሬ በፓርኩ ውስጥ ማዕድን ማውጣት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ዋናው መሣሪያው ግን ባሕሩን በቀጠና መከፋፈሉ ነው። እያንዳንዱ ቀጠና በካርታው ላይ የራሱ ቀለም አለው፤ በፈዛዛ ሰማያዊው ብዙ ዓይነት ማስገር ይፈቀዳል፣ በቢጫው በተወሰነ መሣሪያ ብቻ ይሠራል፣ በአረንጓዴው መግባትና መዋኘት ቢቻልም ምንም ነገር ማውጣት አይቻልም፣ ሮዝ ወደ ተቀባው ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም። እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ ማስገር የማይፈቀድበት ክፍል ከመቶ አምስት እጅ በታች ነበር፤ በዚያ ዓመት በጸናው አዲስ ዕቅድ ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሏል። ለአስጋሪው የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ በተከለለው ሪፍ ውስጥ የሚያድጉት ትልልቅ ዓሦች እጅግ ብዙ እንቁላል ስለሚጥሉ፣ ጫጩቶቹ በውኃው እየተወሰዱ ማስገር ወደሚፈቀድበት ሪፍ ይደርሳሉ።

ቁጥጥሩን ከክዊንስላንድ ክፍለ ግዛት መንግሥት ጋር በጋራ፣ በጀልባና በአውሮፕላን ያካሂዳሉ። አስጎብኚ ድርጅቶች ፈቃድ ማውጣት አለባቸው፤ ጎብኚውም ለፓርኩ አስተዳደር የሚውል ክፍያ ይከፍላል። ከዚህ ሌላ «የእሾህ አክሊል» የተባለው ኮራል በሊታ ኮከብ ዓሣ ሲበዛ፣ ጠላቂዎች እየወረዱ እያንዳንዱን በመርፌ ይገድሉታል። አድካሚና ቀርፋፋ ሥራ ቢሆንም፣ በቦታው ላይ ሆኖ ኮራልን ከሞት ለማዳን ከሚቻልባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

መልስ (የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከወልዲያ)፦

ከላይ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን የት ላይ እንደሚያበቃም ለተማሪዎቹ ቢነገራቸው መልካም ይመስለኛል። ኮራል እንስሳ ነው፤ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በአካሉ ውስጥ ከሚኖሩ አልጌ ከተባሉ ደቃቅ ዕፀዋት መሰል ፍጥረታት ሲሆን፣ የባሕሩ ሙቀት ከልክ አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደም ይሞታል። በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 እ.ኤ.አ. ሰፊ የመንጣት አደጋ ደርሷል። ሙቀትን በቀጠና መከልከል አይቻልም። ከከብት ግጦሽ መሬትና ከሸንኮራ አገዳ እርሻ በወንዝ የሚወርደው ደለልና ማዳበሪያም መነሻው ከፓርኩ ወሰን ውጭ በመሆኑ፣ ገበሬው ላይ ሕግ የሚያወጣው የክዊንስላንድ መንግሥት ነው።

እኔ በዚህ ተቋም ከሁሉ በላይ የማከብረው የሪፉን የወደፊት ዕጣ የሚመዝን ሪፖርት በየአምስት ዓመቱ እንዲያወጣ በሕግ መገደዱን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የሪፉን የወደፊት ተስፋ ከ«ደካማ» ወደ «እጅግ ደካማ» ዝቅ አድርጎታል። የሚጠብቀው ሀብት እየተጎዳ መሆኑን በራሱ ሪፖርት ለሕዝብ የሚያስታውቅ መሥሪያ ቤት ሊመሰገን ይገባዋል።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የ2004ቱ ክልከላ ሲወጣ የጠረፉ ሕዝብ ተጠይቋል ወይስ ከላይ ነው የተወሰነበት?

መልስ (የባዮሎጂ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ)፦

ተጠይቋል። በሁለት ዙር ከ31,000 በላይ አስተያየቶች ቀርበው፣ በእነርሱ መነሻነት የቀጠናዎቹ ወሰን በብዙ ቦታ ተሻሽሏል። ኑሯቸው ለተነካባቸው አስጋሪዎችም መንግሥት የድጋፍ ክፍያ ሰጥቷል። መሥሪያ ቤቱ ከነባር የባሕሩ ባለቤት ሕዝቦች ጋር ደግሞ በባሕላዊ አደን ላይ ስምምነት ይፈራረማል።

መልስ (የዓሣ ማኅበር አባል፣ ከሐይቅ)፦

መምህር፣ እኛ ዘንድ ኮራል ባይኖርም፣ ትምህርቱን በሐይቃችን ላይ ሊያሳዩአቸው ይችላሉ። ሐይቃችን በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የአንከርካ ወንዝም ሆነ ጎርፍ ከተራራው የሚያወርደው አፈር እዚያው ይቀራል። ቲላፒያ ደግሞ የሚራባው ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው፤ አፈሩም መረቡም የሚበዛው እዚያው ነው። ተማሪዎቹን ይዘው ቢመጡ አባቶች ዓሣው የሚራባበትን ዳርቻ ያሳዩአቸዋል፤ ልጆቹም የሐይቁን ካርታ ሥለው የትኛውን ዳርቻ አረንጓዴ፣ የትኛውን ሰማያዊ እንደሚቀቡ ከአስጋሪዎቹ ጋር ይከራከሩበት። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብዙዎቻችን ዳርቻው ላይ ስለምንገኝ ቀኑን አስቀድመው ያሳውቁን።