ደንበኛ የሌላ ሰው ኬክ ፎቶ ይዞ ሲመጣ ልክ እንደዚያው መሥራት ነውር ነው?

ክሬም ቀቢዋ፦

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ኬክ በትዕዛዝ ለምትሠሩ ነው፤ በተለይ ለጎንደር ልጆች። የጥር ሠርግ እየደረሰ ነው። ደንበኛ የሚመጣው ስልኩን ዘርግቶ «ልክ እንደዚህ፣ አንድም ነገር እንዳይቀር» እያለ ነው። ፎቶው ከውጭ አገር ከሆነ ብዙ ሰው ግድ አይሰጠውም። አንዳንዴ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ሥራ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ሁለት ሰፈር አለፍ ብላ የምትሠራ ሴት ቴሌግራም ላይ የለጠፈችው ነው። እሷ ጋ ዋጋ ይጠይቁና ሲወደድባቸው ፎቶዋን ይዘው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳሉ።

እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ ተቀብሎ እንደፎቶው አድርጎ መስጠት ተገቢ ነው? ካልሆነስ ድንበሩ የት ላይ ነው? ጽጌረዳውን፣ ድሪፑን (ከላይ ወደ ጎን የሚንጠባጠበውን)፣ የወርቅ ቅጠሉን ሁሉም ይሠራዋል፤ የማን ነው ሊባል ነው? ሠርቼ ካስረከብኩ በኋላ ገጼ ላይ ስለጥፈውስ ምን ብዬ ልጻፍ? ደንበኛውን ሳላስቀይም የምመልስበትን መንገድ ጭምር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የቶርታ እጅ፦

እህቴ፣ ዘዴውንና ድርሰቱን ለይተሽ እዪው። በኖዝል (በክሬም መጭመቂያ አፍ) ጠርዝ ማውጣት፣ ጽጌረዳ መጠቅለል፣ ጋናሽ (የቸኮሌትና ክሬም ቅልቅል) ከኬኩ አፍ ላይ ማንጠባጠብ፣ ፎንዳንት (እንደ ሊጥ የሚዳመጥ የስኳር ልባስ) ማጠፍ ዘዴ ነው፤ የማንም አይደለም። አሁን «ቪንቴጅ» እየተባለ የሚታዘዘው፣ ክሬም በክሬም ላይ እየተደራረበ የሚሠራው ጌጥ እንኳ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ጆሴፍ ላምቤዝ የተባለ ኬክ ሠሪ ያስፋፋው ነው። እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እንዳትሠሩት የሚል ግን የለም።

ድርሰት ሌላ ነው። ባለ ሦስት ፎቁ ኬክ ላይ መካከለኛው ፎቅ ረዘም ብሎ፣ አበባው ከላይ ከግራ ተነሥቶ ወደ ታች ወደ ቀኝ ሲወርድ፣ ቀለሙ ከነጣ ክሬም ወደ ሸክላ ሲሸጋገር፣ የሙሽሮቹ የስም ፊደል በማኅተም ቅርጽ አንድ ቦታ ላይ ሲቀመጥ፣ ይህን ሁሉ አገጣጥሞ ያሰበው አንድ ሰው ነው። ከዚህ አንዱን መውሰድ መማር ነው። አራቱንም ሰብስቦ መውሰድ ግን ሌላው የደከመበትን ሐሳብ መሸጥ ነው። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ሁለቱ ፎቶዎች ስም ሳይጻፍባቸው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ያቺ ሴት «ይሄማ የኔ ኬክ ነው» ትላለች? ካለች ቀድተሻል። የአዲስ አበባም ሆነ የውጭ አገር ሰው ቢሆን ያው ነው፤ ርቀቱ ነገሩን አይለውጠውም።

ደንበኛዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወደደችው ኬኩን በሙሉ አይደለም። «ዓይንሽ መጀመሪያ ያረፈው የቱ ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ቀለሙ ነው ካለች ቀለሙን ይዘሽ ቅርጹን፣ የአበባውን ዓይነትና ቦታውን፣ የጎኑን አሠራር ለውጪ። ከዚያ ኬክ ያልሆኑ ሁለት ፎቶዎች አስመጪ፤ የቀሚሷን ጨርቅና የጥሪ ካርዱን ወይም የአዳራሹን ዲኮር። ከነዚህ የተነሣ ኬክ የሌላ ሰው ሊመስል አይችልም፤ ሙሽራዋም የራሷ መሆኑን ታውቀዋለች።

ከፎቶ መቅዳት ሥራውንም ያበላሻል፤ ፎቶ ውስጡን አያሳይምና። 15 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ፎቅ ያምራል፣ ግን መሃሉ ላይ ካርቶን ገብቶ ለሁለት መከፈሉ አይታይም። 20 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ፎቅ ላይ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን ስታስቀምጪ፣ ከላይኛው ክብ ትንሽ ገባ ብሎ 4 ወይም 5 ወፍራም ስትሮ ወይም የእንጨት ዘንግ ልክ በኬኩ ቁመት ተቆርጦ መቆም አለበት። ዘንጎቹ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ ካጠሩ ክብደቱ የሚያርፈው ኬኩ ላይ ነው፤ ጎኑ ያብጥና ኮብልስቶን ላይ ባጃጁ ሲንገጫገጭ ይሰነጠቃል።

ከክሬሙ ሥር ያለው የኬኩ ቂጣም እንደዚሁ ነው። አሠራሩን የምታዪበት ቪዲዮ የተቀረጸው ባሕር ዳርቻ ካለ አገር ከሆነ ልኩ ለእኛ አይሆንም፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። ከእያንዳንዱ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀንሺ፤ ከ1 ኩባያ ስኳር 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ አንሺ፤ ለ1 ኩባያ ፈሳሽ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨምሪ። አለበለዚያ ቶሎ ይነፋና ሳይበስል መሃሉ ይሰምጣል፤ ላዩ ላይ ሌላ ፎቅ ሊሸከም አይችልም።

ዋጋውንም ከፎቶ ገምተሽ አትናገሪ። 20 ስፋትና 10 ቁመት ያለውን ኬክ ፎንዳንት ለማልበስ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ክብ ያስፈልጋል። ለመቁረጫ ጨምረሽ 43 አድርሰሽ በ3 ሚሊሜትር ተኩል ውፍረት ከዳመጥሽው ወደ 700 ግራም ይሄዳል። ያም ለአንድ ፎቅ ብቻ ነው።

ፉርኖ ጋጋሪ፦

በዚህ በሙሉ አልስማማም። ሙያ የሚለመደው በማየትና በመኮረጅ ነው፤ ሸማኔውም አናጢውም እንደዚያ ነው የተማረው። የሠርግ ኬክ ላይ የተባለው ይሁን እንበል። ለ1 ኪሎ የልደት ቶርታ ግን ቀሚስ ፎቶ እያስመጡና ንድፍ እየሳሉ ግማሽ ቀን ቢዋል ማን ይከፍላል? ደንበኛው ከፍሎ የሚፈልገውን አልሠራም ካልኩት በሩን ሳይሻገር የሚሠራለት ያገኛል። ጎረቤቴ የሆነችውን ሴት ልጎዳ አልፈልግም፤ ነገር ግን እምቢታዬ እሷንም አይጠቅማትም።

የቶርታ እጅ፦

ወንድሜ፣ በመለማመዱ አልተጣላንም። የሰው ኬክ ቁጭ አድርጎ ከታች እስከ ላይ መቅዳት እጅን ያሠለጥናል። ያንን የስታይሮፎም ዳሚ (የኬክ ቅርጽ ያለው ፎም) ላይ አድርገው፤ በሸኖ ቅቤ ሳይሆን በአትክልት ቅባትና በአይሲንግ ሹገር በተመታ ክሬም፣ ተፍቆ ተመልሶ ከረጢት ውስጥ እንዲገባ። ለልምምድ የተሠራው አይሸጥም፤ «የእኔ ሥራ» ተብሎም አይለጠፍም።

የ1 ኪሎው ነገር እውነትህን ነው፤ ለያንዳንዱ መሳል አይቻልም። ስለዚህ ሥራ በማይበዛበት ወቅት፣ ለምሳሌ በዐቢይ ጾም፣ የራስህን ስምንት ንድፍ አዘጋጅና ፎቶ አንሣቸው። እያንዳንዱ በሦስት ቀለም ሲቀርብ ሃያ አራት ምርጫ ይሆናል። ደንበኛው ስልኩን ከመዘርጋቱ በፊት ያንተን አሳየው፤ ምን እንደሚፈልግ ስላላወቀ ነው የሰው ፎቶ ይዞ የሚመጣው። ለልደት የሚመጡትን የካርቱን ገጸ ባሕርያት በፎንዳንት ከመቅረጽ ደግሞ ሱቅ ያለውን መጫወቻ ገዝተህ በራስህ ኬክ ላይ አቁመው። ሕፃኑ በኋላ ይጫወትበታል፤ አንተም ፊቱ ያልመሰለ ቅርጽ አታስረክብም።

መዝገብ ቤት፦

ስለ ሕጉ ላክልበት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ሆኖ የተገለጸውን ሥራ ነው። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ስለሆነ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ «ድሪፕ የጀመርኩት እኔ ነኝ» የሚል ክስ መሠረት የለውም፤ በእጅ የተቀረጸ ልዩ ቅርጽ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይታለፍም። አንድ ጌጥ የተለመደ በሆነ ቁጥር ወጥ ነው ማለት ይከብዳል። የኢንዱስትሪ ንድፍ የሚባለው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚታይ ሆኖ ማመልከቻና ምዝገባ ይፈልጋል፤ በየሠርጉ ለሚለዋወጥ ኬክ ማንም አይሄድበትም።

ሁላችሁም ያለፋችሁት ትልቁ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው። ኬኩን ከመቅዳት ይልቅ ፎቶውን መውሰድ ይብሳል። ፎቶግራፍ በአዋጁ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የሌላ ሰው ፎቶ ላይ ያለውን ስም ቆርጦ ገጽ ላይ ለጥፎ ትዕዛዝ መቀበል የፎቶውን ባለቤት መብት መንካት ብቻ ሳይሆን ደንበኛውን ማታለልም ነው። ያልሠራሽውን ሥራ አሳይተሽ ቀብድ ተቀብለሻልና። የራሳችሁን ሥራ ስታነሡ ስማችሁን ከፎቶው ጥግ ላይ ሳይሆን በፎቶው ውስጥ የኬኩ ምስል ላይ፣ ሲቆረጥ ጌጡን ይዞ በሚሄድበት ቦታ አስፍሩት። አጠር ያለ ቪዲዮም አንሡ፤ መዞሪያው ላይ ሆኖ ኬኩ ሲዞር፣ ጀርባውም ሲታይ። የሰረቀ ሰው ፎቶ እንጂ የኬኩን ጀርባ ማሳየት አይችልም።

ክሬም ቀቢዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እዚህ ከተማ በብዛት የሚታዘዘው የፋሲል ግንብና የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ያለበት ኬክ ነው። ግንቡ የሁላችን ነው፤ ታዲያ እነዚህን እንደሌላ ሰው ኬክ መሥራትም መቅዳት ይባላል?

ጥለትና ስኳር፦

ግንቡ የሁሉም ነው፣ ሌላ ሰው ከግንቡ ያወጣው ኬክ ግን የራሱ ነው። ደግሞ ከኬክ ኬክ ስትቀጂ ስሕተቱንም ትቀጃለሽ። ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት የማማዎቹ ጫፍ ነው፤ የአይስክሬም ኮን ይደፋባቸውና ሹል ይሆናሉ። ያ የፈረንጅ ተረት ቤተ መንግሥት እንጂ ፋሲል አይደለም። የእኛዎቹ አራት የማዕዘን ማማዎች ክብ ናቸው፤ ጉልላታቸው እንደ እንቁላል ጫፍ ድቡልቡል ነው። ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚታየው ማማ ደግሞ አራት ማዕዘን ነው። የጣሪያው ዙሪያ ጥርስ ጥርስ አለው። ድንጋዩ ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን በቅስቶቹ ዙሪያ ቀላ ያለ ድንጋይ ገብቶበታል፤ ኬኩን በሙሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ከቀባሽው ሕይወቱ ይጠፋል። ግንቡ እዚሁ ፒያሳ አጠገብ ቆሟል፤ ሄደሽ ከአራቱም ጎን አንሺውና ከዚያ ሥሪ።

ለጉልላቶቹ 250 ግራም ፎንዳንት ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ (ፎንዳንቱን የሚያጠነክር ዱቄት) አሺበት፣ በግማሽ የፕላስቲክ እንቁላል ላይ ስታርች ነስንሰሽ ድፊውና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይድረቅ። በክረምት እርጥበቱ ስለሚይዘው ከዚያም ይረዝማል። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው፤ ሲወጣ ያልበውና ይለሰልሳል።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ኬክ ላይ የሚያዝም አለ። እዚህ ላይ የመቅዳት ጥያቄ አይደለም ያለው። ሊቆረጥና ሊበላ በተዘጋጀ ነገር ላይ ቅዱስ ሥዕል አይሳልም፤ ይህንን ፊት ለፊት ተናግሮ መመለስ ይሻላል፤ ሰውም ሲነገረው ይገባዋል።

ጥለቱ ግን ከሁሉም የሚያምረው ሥራ ነው፤ ከሌላ ኬክ ሳይሆን ከራሷ ከሙሽራዋ ቀሚስ ውሰጂው። የጥለቱን አንድ ተደጋጋሚ ክፍል በቀጥታ ከላይ አንሺ። ከዚያ ኬኩ ክሬም ለብሶ ከቀዘቀዘ በኋላ የወረቀት ጥብጣብ ዙሪያውን ለክተሽ ቁረጪ፤ ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ ጥብጣቡ ወደ 63 ይሆናል። አራት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ስታጥፊው 16 እኩል ክፍል ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 4 ሳንቲሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ጥብጣቡን መልሰሽ ጠምጥሚና በየእጥፉ ላይ በመርፌ ነጥብ አድርጊ። ሳይለካ በዓይን የተጀመረ ጥለት መጨረሻው ላይ ሲገናኝ አንዱ አልማዝ ጠቦ ወይም ለጥጦ ይቀራል፤ ያ ሁልጊዜ የሚሆነው ደግሞ ፊት ለፊት ነው።

ስትሥይው መስመሩን አታጥምሚው። ሽመና የሚወጣው በደረጃ በደረጃ ነው፤ ስለዚህ ቁጥር 2 ኖዝል ይዘሽ አጫጭር አግድም መስመሮችን አንዱን ከሌላው ገባ እያደረግሽ ደርድሪ። ከሩቅ ሲያዩት ክር ይመስላል። አልማዙን በወፍራም ኖዝል በአንድ ጊዜ ከዞርሽው ግን ጥልፍም ጥለትም አይመስልም፣ ስኳር ብቻ ይሆናል። ጥቁር ቀዩን ከአንድ ቀን በፊት በጥብጪው፤ ሲያድር ይጠልቃል፣ ቀለም እየጨመርሽ እንዳይመርብሽ። ዊፕድ ክሬም ላይ አትሞክሪው፤ ውኃ ስለሚያወጣ ቀዩ ወደ ነጩ ይፈስሳል።

ፎቶውን ስትለጥፊ ጥለቱን ያወጣውን ሸማኔ ወይም ቀሚሱን የሠራውን ሰው ሙሽራዋን ጠይቀሽ ስሙን ጥቀሺ። እሱም እኮ ንድፍ ሠሪ ነው።

የቶርታ እጅ፦

የቀረችውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ ለደንበኛ የሚነገረውን። «ይህ የእገሊት ሥራ ነው፤ በትክክል ይህንን ከፈለግሽ እሷ ዘንድ ሂጂ፣ እኔ ግን ቀለሙንና ስሜቱን ይዤ የአንቺን ልሠራልሽ እችላለሁ» በያት። የሠሪዋን ስም መጥራት አያዋርድሽም። በወረቀት ላይ ፎቆቹን፣ ስፋታቸውን፣ የአበባውን ቦታና ቀለሙን ስለሽ ላኪላት፤ እሺ ካለች በኋላ ቀብድ ተቀበዪ። ቀብድ ቀድመሽ በፎቶው ላይ ከተቀበልሽ ግን በማስረከቢያው ቀን ፎቶውን አውጥታ «ይሄ ይሄ ቀርቷል» ማለቷ አይቀርም፤ ሐቁም የእሷ ነው።

ገጽሽ ላይ ስትለጥፊ ደግሞ ሐሳብ የወሰድሽበት ካለ በግልጽ ጻፊው፦ «የአበባው አወራረድ ከእገሊት ሥራ የተወሰደ፣ የቀረው የእኔ»። ወደ ገጿ የሚወስደውንም አያይዢ። እሷን ጠይቀሽ ፈቅዳልሽ ከሆነ «በፈቃዷ» የሚለውን ጨምሪ፤ አንድ መልእክት መላክ ነው፣ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። እምቢ ካለችሽ ግን ለደንበኛዋ የአበባውን ቦታ ቀይሪላት።