ቤንዛቲን በጤና ጣቢያ ይወጋ ወይስ ደሴ ድረስ ይምጡ? (ክርክር)

ለቡድኑ የቀረበው ጥያቄ፦ ከቶንሲል ተነሥቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸውን የሩማቲክ ሕመም የሚገታው በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ተወግቶ ወዲያው ስለሚወድቅ ሕመምተኛ ስለሚወራ ባለሙያው ይፈራል፤ "ሆስፒታል ሂድ" ብሎ መሸኘት ይቀልለዋል። ከተንታ፣ ከወረኢሉ ወይም ከቃሉ ገጠር የሚነሣ ልጅ ለአንድ መርፌ በየወሩ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ መምጣት አለበት?

ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦
እኔ ሆስፒታል ብቻ ባይ ነኝ። ጤና ጣቢያ ላይ ኦክስጅን ከሌለ፣ አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠው ፊኛ) የት እንደተቀመጠ ካልታወቀ፣ አድሬናሊኑ (ለከባድ አለርጂ የሚወጋው መድኃኒት) ጊዜው ካለፈበት፣ ልጁ ሲወድቅ ነርሷ ባዶ እጇን ናት። ቤተሰቡ ደግሞ የሚያየው መርፌውን የወጋችውን ብቻ ነው። ዕቃውንና ሥልጠናውን ሳያወርዱ ሥራውን ብቻ ማውረድ ፍትሕ የለውም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደሴ፦
ሲስተር፣ ስጋትዎ እውነት ነው። ግን ሁለት የተለያዩ አደጋዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንዱ አለርጂ ነው፤ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ የሚወርድ ግፊት። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ የ11 አገሮች ጥናት በ1,790 ሕሙማን ላይ 32,430 መርፌ ተከታትሎ ያገኘው 4 አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ) ነው፤ ከነዚህ አንዱ ሞቷል።

ሁለተኛው አለርጂ አይደለም። ሚትራል ወይም አኦርቲክ የተባለው የልብ ቫልቩ ክፉኛ የጠበበ ሰው ሲያመውና ሲደነግጥ የደም ሥሩ ይላላል፣ ምቱ ይዘገያል። ጤነኛ ልብ ይህን ተቋቁሞ ይነሣል፤ በጠበበ ቫልቭ የሚሠራ ልብ ግን መጠባበቂያ አቅም ስለሌለው ሊቆም ይችላል። ሽፍታም እብጠትም አይታይም። ስለዚህ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከባድ የሚትራል ጥበት፣ የአኦርቲክ ጥበት ወይም ማፍሰስ፣ ወይም ከ50 በመቶ በታች የወረደ የልብ ግፊያ (ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚገፋው ድርሻ) ላለው ሰው የሚዋጠው መድኃኒት በብርቱ እንዲታሰብ አሳስቧል፤ ፔኒሲሊን ቪ 250 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ደሴ ድረስ አምጥቶ መውጋት አደጋውን አያነሣለትም። ማን ይወጋ፣ ማን ይዋጥ የሚለውን የሚወስነው ኤኮው (የልብ አልትራሳውንድ) ነው።

ጤና መኮንን፣ ኩታበር፦
ዶክተር ያሉት ላይ ልጨምር። መንገዱም ራሱ አደጋ ነው። ሌሊት ተነሥቶ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ውኃ ሳይጠጣ መኪና ላይ ተጉላልቶ የደረሰ ልጅ ተቀምጦ ቢወጋ የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ይላል። በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ቢሆን በልቶ ይመጣል።

ቀጠሮውም አለ። "በሚካኤል ና" ማለት ለሁሉም ይመቻል፤ ከ12 እስከ 12 ግን 30 ቀን ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ 28 ቀን ሳይሞላ ከደም ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ጳጉሜን ተጨምራ 35 ቀን ይሆናል፤ ያውም ብርድና ዝናብ ቶንሲሉን በሚያበዙበት ወቅት። በገበያ ቀን መቅጠር ይሻላል። ሰኞ ገበያ የሚወጣ ሰው በየአራተኛው ሰኞ ቢመጣ ልክ 28 ቀን ነው።

ፋርማሲስት፣ ደሴ፦
ስለ አበጣበጡ ማንም አላነሣም። ባለ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ብልቃጥ መጥቶ ትእዛዙ 1.2 ሚሊዮን ሲሆን፣ 8 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጨመርና 4 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ ይህ ስሕተት ነው። ዱቄቱ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ጠቅላላው ከ8 በላይ ነው፤ 4 የቀዳ ሰው ከግማሽ በታች ሰጥቷል። ሙሉውን ስሪንጅ ላይ አይቶ እኩሌታውን መስጠት ነው። የተበጠበጠው ቆሞ ከቆየ ደግሞ ነጩ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ የሚቀዳው ውኃ ይሆናል። በደንብ አንቀጥቅጦ ወዲያው መቅዳት፣ በ21 ጌጅ (ወፈር ባለ) መርፌ መውጋት ያስፈልጋል፤ በቀጭኑ ከሆነ ይዘጋል፣ ሲዘጋ ይገፋል፣ ሲገፋ ያማል፣ ሕመሙ ደግሞ ራሱ ይጥላል። ከ27 ኪሎ ለማይበልጥ ልጅ 600 ሺህ ዩኒት ይበቃል።

ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦
ይህን እቀበላለሁ። ግን ስኪን ቴስትስ (መድኃኒቱን በትንሹ ቆዳ ላይ ሞክሮ አለርጂ መኖሩን ማየትስ)? ያለ እሱ ማን ይደፍራል?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደሴ፦
ስኪን ቴስት ስለ ሁለተኛው አደጋ አንዳች አይነግርዎትም። ቤንዛቲኑን ራሱን አቅጥኖ ቆዳ ላይ መሞከርም ትክክል አይደለም፤ ዝቃጭ እንጂ የሟሟ ፈሳሽ አይደለም። "ፔኒሲሊን ወስደህ ታውቃለህ? ምን ሆንክ?" ብሎ በደንብ መጠየቅ ይቀድማል። ከዚያ አስተኝቶ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ወስዶ በዝግታ መውጋት፣ 30 ደቂቃ ማቆየት። በ1 ለ1,000 የሆነው አድሬናሊን ከአጠገብ ይኑር፤ አናፊላክሲስ ከሆነ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ 0.3፣ ጭኑ ጡንቻ ላይ፣ ካልተሻለው በ5 ደቂቃ ይደገማል። ምቱ ዘግይቶ ራሱን የሳተን ግን መጀመሪያ እግሩን ከፍ ማድረግ ነው።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፣ ደሴ፦
የመርፌውን አደጋ ቆጥረናል፤ ያለመወጋቱንም እንቁጠር። ጉሉ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ምልክት ሳያሳዩ በኤኮ ብቻ የተገኙ 818 ልጆች ለሁለት ዓመት ሲጠኑ፣ በየ4 ሳምንቱ ከተወጉት የባሰበት 0.8 በመቶ ነው፤ ካልተወጉት 8.2 በመቶ። እነዚህ ሕመማቸው ገና የጀመረ ልጆች ናቸው፤ ቫልቩ ለተበላሸው ውጤቱን እንዳለ አንወስድም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፍሪካ ኅብረት የአዲስ አበባ ሰነድም ክህሎቱ ወደ ታች እንዲወርድና ቤንዛቲን እንዳይጠፋ ነው የጠየቀው።

ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦
እሺ፣ የእኔ ቅድመ ሁኔታ ይኸው። የኤኮው ቀንና ውጤት፣ "ይወጋ" ወይም "ይዋጥ" የሚለው ትእዛዝ፣ የሐኪሙ ፊርማ ካርዱ ላይ ከሌለ የጤና ጣቢያዋ ነርስ አትውጋ። "የልብ ሕመም፣ ቤንዛቲን በየወሩ" ተብሎ በአንድ መስመር የሚላክ ወረቀት አደጋውን ወደ እሷ ማስተላለፍ ነው። "ይዋጥ" ለተባለውስ ለዓመታት በቀን ሁለቴ መዋጡን ማን ይከታተላል?

ጤና መኮንን፣ ኩታበር፦
የሚዋጠውን የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትሄድ ብልቃጡን አይታ ብትቆጥር ይሆናል። በረመዳን ስሑርና ኢፍጣር ላይ ይገጥማል። የቀረው ኤኮ ነው፤ ተራው ከረዘመ ልጁ እስከዚያ ምን ይሁን?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ደሴ፦
ተራ እስኪደርስ ሲራመድ የሚያፍነው፣ እግሩ ያበጠ፣ ተኝቶ መተንፈስ የማይችል ከሆነ አይወጋ፤ የሚዋጠውን ይጀምርና አስቸኳይ ሪፈር ይጻፍለት። ምንም ምልክት የሌለውን ግን መርፌውን አናስቀርበት።

ፋርማሲስት፣ ደሴ፦
በየሁለት ወሩ አርአርኤፍ (የመድኃኒት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ) ሲሞላ ቤንዛቲን የጠየቀ ጤና ጣቢያ አድሬናሊኑንም ያስገባ፤ መርፌ ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አምፑል፣ የሚያበቃበት ቀን ሣጥኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ። አድሬናሊኑ ባለቀበት ቀን ቤንዛቲኑም አይወጣም።