ጦስኝ ግቢ ውስጥ ይያዛል?

ጠባሴ ሰፈር፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነኝ። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ ባዶ መሬት ነው፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ሣር እንዳልተክል ቧንቧው በፈረቃ ነው። መሬት ለመሬት የሚሸፍን፣ አበባ ያለው፣ ውሃ ብዙ የማይል ነገር ፈልጌ ጦስኝን አሰብኩ። ለሻይ እንጂ ለግቢ ሲተክሉት ግን አላየሁም። የሞከረ አለ?

የሮቢት ልጅ፦
ምን አለፋህ! ያቺን ቅጠሏ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረችውን አበባ ቆርጠህ ሰካት። እኛ ጋ ሸዋ ሮቢት ጠብታ ሳታገኝ ስታብብ ነው የምትከርመው።

መንዜው፦
ሃሃ፣ ሮቢትና ደብረ ብርሃን መቼ አንድ ሆኑ? የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ያ ውሃ የቋጠረ ቅጠል አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ ጠቁሮ ይቀራል። ጦስኝ የደጋ ነው፤ መንዝ ያለው የጓሳ ደጋ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ውርጩን ችሎ ይኖራል። የሚገድለው ድርቅ ሳይሆን የተኛ ውሃ ነው። አፈርህ መረሬ (ውሃ የሚይዘው ጥቁር አፈር) ከሆነ ክረምት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርገህ አሸዋና ጠጠር ደባልቅበት፣ ቦታውም ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ይሁን። ፍግ አታብዛበት። ከጠገበ ወደ ላይ ይመዘዝና መሬቱን መሸፈኑን ይተዋል።

ጠባሴ ሰፈር፦
መረሬ ነው፣ ምን አባቴ ላድርግ። ችግኙስ? ገበያ ያለው የደረቀው ነው።

እናት ዓለም ከአንኮበር፦
ወንድሜ፣ ብቻ ከጓሳ ነቅለህ እንዳታመጣ! በቄሮ ሥርዓት (የመንዙን የድሮውን የጋራ መሬት መጠበቂያ ደንብ ማለቴ ነው) ተጠብቆ የኖረ መሬት ነው፣ ጦስኙን ከነሥሩ እየነቀሉ የሚሸጡት ሰዎች ያናድዱኛል። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ፈልግ። ቅርንጫፉ አፈር በነካበት ሥር ያወጣል፤ እሱን ቆርጠህ ሐምሌ መግቢያ ላይ በስንዝር በስንዝር ትከል፣ ውርጩ ሳይደርስ ይይዛል። የመጀመሪያውን በጋ አልፎ አልፎ አጠጣው፣ ከዚያ እሱ ራሱን ይችላል። አበባው ሲረግፍ ጫፍ ጫፉን ቁረጥ፣ ለሻይህም ይሆንሃል፤ እንጨት የሆነውን ግንድ ግን አትንካ፣ መልሶ አያቆጠቁጥልህም። ደግሞ ንብ ይወደዋል፣ ልጆች ካሉ ከበሩ ራቅ አድርገው።

ጠባሴ ሰፈር፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ጠጠሩ ከግንባታ የተረፈ ሞልቷል፣ መደቡን ቅዳሜ እጀምራለሁ። ጠባሴ አካባቢ ግቢው ውስጥ ጦስኝ ያለው በውስጥ መስመር ያናግረኝ።