ከፈንታሌ የተነሣው ንዝረት ሰባተኛ ፎቅን ለምን አናወጠ?

ጥያቄ (የሰሚት ነዋሪ)፦
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በሬክተር መለኪያ 5.7 የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲደርስ፣ እኔ አዲስ አበባ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተኝቼ ነበር። የቁም ሳጥኑ በር ሲንቋቋ ነቅቼ ልጆቼን ይዤ በደረጃ ወረድሁ፤ በር ላይ የነበሩት ዘበኛ ግን ምንም እንዳልተሰማቸው ነገሩኝ። የካቲት 7 ምሽት 6.0 ሲመዘገብም እንዲሁ ሆነ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተነሣ ንዝረት እኛን ለይቶ የሚያናውጠው ለምንድን ነው? ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የወጣው ስንጥቅስ ያሰጋል?

መልስ (ጂኦሎጂ ያጠና)፦
ፈጣኑ ንዝረት በመንገድ ላይ ሲደክም፣ ዝግ ያለው ግን ሩቅ ይጓዛል፤ ረጅም ሕንፃም በተፈጥሮው የሚወዛወዘው ዝግ ብሎ ስለሆነ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ላይኛው ፎቅ ይበልጥ ይናወጣል። መንቀጥቀጡ ከመስከረም ጀምሮ የተደጋገመው፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዓለት ከመሬት በታች ስንጥቅ እየከፈተ በመግባቱ ነው። ከዶፈን የወጣው ጭስ መሰል ነገር ብዙዎችን ቢያስደነግጥም፣ እንፋሎት፣ ጋዝና አቧራ እንጂ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት አልነበረም።

መልስ (የአዋሽ ልጅ)፦
ለእናንተ መወዛወዝ የነበረው ለእኛ የምድር መሰንጠቅ ነበር። በአክስቴ ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ የተከፈተው ስንጥቅ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ውጦ መጨረሻው አልተገኘም፤ የጭቃ ቤቱ ጥግም ተገንጥሎ ወደቀ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ሲወጣ፣ የቀረው ውጭ እያደረ በአቅራቢያው ያለው የከሰም ግድብ እንዳይፈርስ ይጨነቅ ነበር። አርብቶ አደር ከብቱን ትቶ የት ይሄዳል?

መልስ (የሕንፃ መሐንዲስ)፦
ስንጥቁ ብሎኬቱና ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) በሚገናኙበት መስመር ላይ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በልስን የሚታረም ነው፤ በኮለኑ ወይም በቢሙ (ምሰሶዎቹን በሚያያይዘው የኮንክሪት አግዳሚ) ላይ ሰያፍ ሆኖ ከወጣ ግን ሳይመረመር ቀለም አይቀባበት። ምድር እየተንቀጠቀጠ በደረጃ መውረድም ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ከመጠለል ይልቅ አደገኛ ነው። በ1953 ዓ.ም. የሰሜን ሸዋው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ አዲስ አበባ ይህን ያህል ፎቅ አልነበራትም፤ ስለዚህ «ያኔም አልፏል» የሚለው መጽናኛ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። በባትሪ አብርቼ አየሁት፤ ከኮለኑ አናት ተነሥቶ በሰያፍ ወርዷል። ለነገ የተቀጠረውን ቀለም ቀቢ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።