የ2 ዲ-ብሬን ሲሙሌሽኔ ነጥቦቹን የተሳሳተ ቦታ እያወጣ ነው፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ድረሱልኝ

መቅዲ_ፊዚክስ፦ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ሴሚናር አለብኝ። 2 ዲ0-ብሬኖችን (በስትሪንግ ቲዎሪ የክፍት ስትሪንግ ጫፎች የሚያርፉባቸውን ነጥብ መሰል አካላት) በ3 አቅጣጫ እያንቀሳቀስኩ ነው። ኤክስ1፣ ኤክስ2፣ ኤክስ3 እያንዳንዳቸው 2 በ2 ሄርሚሽያን ማትሪክስ (ተገልብጦ ኮንጁጌት ሲደረግ ራሱን የሚሆን) ናቸው፣ ትሬሳቸው (የዲያጎናላቸው ድምር) ዜሮ። በየእርምጃው የሦስቱንም አይገንቫልዩ (ማትሪክሱ ዲያጎናል ሲደረግ እዚያ የሚቀሩትን ቁጥሮች) በነምፓይ፣ በፓይተን የቁጥር ላይብረሪ፣ አውጥቼ ሥዕሉ ላይ አስቀምጣለሁ። ከየትም ባስነሳቸው የአንዱ ብሬን ሦስቱም ኮኦርዲኔቶች ኔጌቲቭ፣ የሌላው ሦስቱም ፖዘቲቭ ይሆናሉ! ማትሪክስ የሆኑት የኳንተም ኦፕሬተር ስለሆኑ ነው አይደል? ታዲያ አማካይ ልውሰድ?

ክር_ጫፍ፦ የጊዜ እርምጃውን ወደ 0.001 አውርጂው። እኩልታውን በጊዜ የምታራምጂበት ዘዴ ሩንጌ-ኩታ ከሆነ ትተሽው ሊፕፍሮግ የሚባለውን ተጠቀሚ።

ጥቁር_ሰሌዳ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ «ኳንተም ስለሆነ» የሚለውን አውጪው። የማትሪክሱ መጠን የብሬኖቹ ብዛት ነው፣ ከኳንተም ሁኔታዎች ብዛት ጋር አይገናኝም። የአንቺ ሲሙሌሽን ሙሉ በሙሉ ክላሲካል ሆኖ እንኳ ማትሪክስ ነው። ኳንተም ስታደርጊው ደግሞ በማትሪክሱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ኦፕሬተር ይሆናል። አማካይ የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ቦታው ማትሪክስ የሆነበት ምክንያት ክፍት ስትሪንግ ሁለት ጫፍ ስላለው ነው። አንዱ ጫፍ ብሬን 1 ላይ፣ ሌላው ብሬን 2 ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊልድ ሁለት መለያ ይሸከማል፤ ኤን ብሬን ካለ ኤን ጊዜ ኤን ዓይነት ስትሪንግ አለ። ከ1 ወደ 2 የሚሄደውና ከ2 ወደ 1 የሚሄደው ተገላቢጦሽ ስለሆኑ ማትሪክሱ ሄርሚሽያን ይሆናል። ዳይ፣ ሌይ እና ፖልቺንስኪ በ1989 እንዳሳዩት፣ በቲ-ዱዋሊቲ (የአንድን ክብ አቅጣጫ ራዲየስ ከተገላቢጦሹ ጋር በሚያቻችለው ለውጥ) ሲገለበጥ የጌጅ ፊልዱ (ብሬኑ ላይ ያለው ኤሌክትሮማግኔቲክ መሰል ፊልድ) አንዱ ክፍል የብሬኑ ቦታ ሆኖ ይወጣል። ብሬኖቹ ሲደራረቡ ጌጅ ፊልዱ የዩ(ኤን)፣ ማለትም የኤን በኤን ዩኒተሪ ማዞሮች ቡድን፣ ማትሪክስ ነውና ቦታውም ማትሪክስ ከመሆን አያመልጥም። ይህን ዊተን በ1995 በግልጽ አስቀመጠው።

ሽቅብ፦ አንዱ ብሬን በሁሉ ነገር አሉታዊ፣ ሌላው በሁሉ አዎንታዊ፤ ሽማግሌ ላኩባቸው 😄

ከምር ግን ችግርሽ እዚህ ነው። የነምፓይ የሄርሚሽያን ተግባር አይገንቫልዩዎችን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ ይመልሳል። ትሬሱ ዜሮ የሆነ 2 በ2 ማትሪክስ ትንሹ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ፣ ትልቁ ፖዘቲቭ ነው። ሦስቱን ለየብቻ ስታወጪ በየራሳቸው መሠረት (ቤዚስ) ነው የምትፈቻቸው፤ ከዚያ የድርድሩን የመጀመሪያ ከመጀመሪያ አጋባሽ። ያ ጥንድ ምንም ትርጉም የለውም።

እንዲህ አድርጊ፦ ኤክስ1ን ብቻ ፍቺ፣ ያገኘሽውን ዩ (የአይገንቬክተሮቹን ማትሪክስ) ያዢና በዚያው ዩ ኤክስ2ንና ኤክስ3ን አዙሪ። ከዚያ የሦስቱን ዲያጎናል አንብቢ፤ ረድፍ 1 ብሬን 1፣ ረድፍ 2 ብሬን 2። ከዲያጎናል ውጪ የቀረው ቁጥር ከርቀቱ አንጻር እጅግ ትንሽ ካልሆነ ነጥብ አትሳዪ፣ በዚያ ሰዓት ነጥብ የለምና። በምትኩ የኤክስአይ ጊዜ ኤክስጄን ትሬስ ለ2 አካፍለሽ 3 በ3 ሠንጠረዥ ሥሪ። እሱ መሠረት ብትቀይሪም አይለወጥም።

ክር_ጫፍ፦ ሊፕፍሮግ ግን አስፈላጊ ነው። የእያንዳንዱ ኤክስና የፍጥነቱ ኮሚውቴተር (ኤ ጊዜ ቢ ሲቀነስ ቢ ጊዜ ኤ) ድምር ዜሮ መሆን አለበት፤ ከዜሮ ከጀመርሽ ሊፕፍሮግ ዜሮውን ይጠብቀዋል። በዘፈቀደ ፍጥነት ከጀመርሽ ግን መነሻው ራሱ የተበላሸ ነው።

ጥቁር_ሰሌዳ፦ ኮድሽን በዚህ ፈትሺው። ኤክስ1 ዲያጎናሉ 2 እና −2 (ርቀት 4)፣ ኤክስ2 ከዲያጎናል ውጪ 0.01፣ ኤክስ3 ዜሮ፣ ፍጥነት ሁሉ ዜሮ። ኪነቲክ ኢነርጂሽ ግማሽ፣ ፖቴንሻልሽ ሩብ ኮኤፊሸንት ካላቸው 0.01 የነበረው በየ1.57 ይወዛወዛል፣ ማለትም 2ፓይ ሲካፈል ለ4። ርቀቱን 8 ብታደርጊው 0.785 ይሆናል። ድግግሞሹ ራሱ ርቀቱ ነው፤ በሁለቱ መካከል የተወጠረው ስትሪንግ ማሳው (ማስ፣ ክብደቱ) ከርዝመቱ ጋር እኩል ስለሚያድግ። መወዛወዙ ቀርቶ በፍጥነት ካበጠ በእንቅስቃሴ እኩልታሽ ውስጥ ያለው የድርብ ኮሚውቴተር (የኮሚውቴተር ኮሚውቴተር) ምልክት ተገልብጧል።

መቅዲ_ፊዚክስ፦ 1.57 ወጣ!! እግዜር ይስጥልኝ። ግን ነገ የሚጠይቁኝን አውቃለሁ፦ ከዲያጎናል ውጪ ያሉትን «ሌላ ፊልድ» ብለን ቦታውን 2 ቁጥር ብቻ ለምን አናደርገውም?

ጥቁር_ሰሌዳ፦ ሲራራቁ ትችያለሽ፣ ፊዚክስም ያንኑ ያደርጋል፤ ከባድ ስለሆኑ ይረሳሉ፣ ዩ(2) ወደ ሁለት ዩ(1) ይሰበራል። ሲደራረቡ ግን አራቱም እኩል ማሳ አልባ ናቸው፤ የዩ(2) ማዞር ያደባልቃቸዋል። የትኛው ቦታ፣ የትኛው ሌላ ፊልድ እንደሆነ የሚለይልሽ ነገር የለም። የሁለቱ ብሬኖች መለዋወጥ እንኳ በዚያው በዩ(2) ውስጥ ያለ አንድ ማዞር ነው።

ሽቅብ፦ ለዚህ ጥያቄ አንድ ስላይድ ይበቃሻል። ኤክስ1 እንዳለ ይሁን፣ የኤክስ2ን 0.01 ወደ 2 ከፍ አድርጊ። በኤክስ1 መሠረት ነጥቦቹ (2፣0) እና (−2፣0) ናቸው፤ በኤክስ2 መሠረት (0፣2) እና (0፣−2)። ሁለቱንም ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጊ፤ ማትሪክሶቹ ያው ናቸው። ጊዜ ካለሽ ኤክስ3ንም ከሦስቱ የፓውሊ ማትሪክሶች በቀረው (ኤክስ1 2 ጊዜ ሲግማ-ዚ፣ ኤክስ2 2 ጊዜ ሲግማ-ኤክስ ናቸውና በሲግማ-ዋይ) ጊዜ 2 ሙዪው፤ የካሬዎቹ ድምር 12 ጊዜ አይደንቲቲ ይሆናል፣ 3 በ3 ሠንጠረዡም በሦስቱም አቅጣጫ እኩል 4። ይህ ትንሹ ፈዚ ስፊር (ነጥቦቹ ተለይተው የማይታዩበት፣ በማትሪክስ የተሠራ ሉል) ነው። ብቻውን ሲተው አይጸናም፤ ማየርስ በ1999 ያሳየው የውጭ ፊልድ ሲኖር ነው የሚቆመው። ስለዚህ የመነሻውን ቅጽበት ብቻ አሳዪ፣ አታስኪጂው።

ክር_ጫፍ፦ መቅዲ፣ ከእርምጃው መጠን ጋር ኢነርጂው ይንሸራተታል ወይስ ቆመ? ቁጥሩን ለጥፊልን።